በሚስማር የተዘጋው ፎቶህ

ውቤ፣ የኔ ጌታ፣

ካረፍክ ዓመት አልፎሃል። በዝናቡ ወር ነበር የሄድከው፤ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰላምታ መልስ ለሚሰጥ ሰው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ደህና አይደለሁም። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ ጎረቤቱም እየበረታች ነው ብሎ ያወራል። አንተ ግን በሕይወት ሳለህ ስዋሽህ ወዲያው ታውቅብኝ ስለነበር አሁንም አልሞክርም።

ቆሰበር እንደምታውቃት ናት። ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከአስፋልቱ አይነሳም፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ ሳይደርቅ ይከርማል። በጓዳ በኩል የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስጠግኜዋለሁ፤ በየዓመቱ ዘንድሮ እሠራዋለሁ እያልክ የምታሳልፈውን ማለቴ ነው። ጋቢህን ለወንድምህ ሰጥቼዋለሁ። ኮፍያህ ግን ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ለነዳያን ስጪው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። በሩን በዘጋሁ ቁጥር ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

የፍሬም ሱቅህን አልዘጋሁትም። ግማሹን ስልክ ለሚጠግን ሰውዬ ለቅቄ፣ በቀረው ግማሽ እኔ ተቀምጬ ከባሕር ዳር የሚመጣውን የፕላስቲክ ፍሬም እሸጣለሁ። አውቃለሁ፣ አትናደድ። የመጀመሪያው የፕላስቲክ ፍሬም ቆሰበር የገባ ጊዜ አንዱን ገልብጠህ፣ ከኋላው ካርቶኑን የሚይዙትን የሚታጠፉ ስስ ብረቶች አንድ በአንድ በጥፍርህ ስትሰባብራቸው አይቼሃለሁ። ይሄ የብስኩት ካርቶን እንጂ ፍሬም አይደለም ብለህ ለሻጩ መለስክለት። ሰውዬው ተቀይሞህ ሰላምታ ነስቶህ ነበር። ዛሬ ግን ሰው የሚገዛው እሱን ነው፤ እኔም መብላት አለብኝ። መሥሪያ ጠረጴዛህን ብቻ አላስነካሁም። መዶሻህ፣ መቀስህ፣ የመስታወት መቁረጫህ ባስቀመጥክበት ናቸው፤ ዝገት እንዳይበላቸው አልፎ አልፎ ዘይት እቀባቸዋለሁ።

ሰው ፎቶ ይዞ ሲመጣ ስለ እንጨቱ ቀለም ነበር የሚጨነቀው። አንተ ደግሞ ከኋላ በምን ይያዝልህ ብለህ ትጠይቀዋለህ። ጥያቄው የሚገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንዳይወድቅ ብቻ አድርገው ብሎህ ይሄዳል። አንተ ሚስማር ትጠላ ነበር። በእኛ አገር እርጥበት ሚስማር ይዝጋል፣ ዝገቱም በካርቶኑ ሰርጎ ፎቶው ላይ ይወጣል እያልክ ለሰማህም ላልሰማህም ትናገራለህ። ከመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ከሚሠሩት ዘንድ ትርፍራፊ ለምነህ ታመጣና በቢላ ሰንጥቀህ፣ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ በአራቱም ጠርዝ ቀጫጭን ስንጥር ትደረድራለህ። ፎቶና መስታወት ተነካክተው ክረምት ከገባባቸው ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚለያያቸው የለም ትለኝ ነበር። ስንጥሩን የምትደረድረው ምላስህን በከንፈርህ ጥግ አውጥተህ ነው። እንደዚያ ስትሆን እንዳላናግርህ ስለማውቅ ዝም ብዬ መስታወት እወለውላለሁ።

ከዚያ ጆሮዋ ትመጣለች። ከዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠህ፣ ጫፏን በሞረድ አለስልሰህ፣ አንድ ቀዳዳ በስተህ በአንዲት ብሎን ከፍሬሙ ጀርባ የምታስራትን ትንሽ ቁራጭ ጆሮ ነበር የምትላት። በጣት ሲገፏት ዞራ ካርቶኑን ትለቃለች፣ ሲመልሷት ትይዘዋለች። ብሎኗን እስከ መጨረሻ አታጠብቃትም፤ ትንሽ ታላላትና በአውራ ጣትህ አዙረህ ትሞክራታለህ። ሰው ካቻቢቴ ፍለጋ ጎረቤት ሳይሄድ በጣቱ ሊከፍተው ይገባል ነበር ምክንያትህ። እኔም የተሰቀለ ፎቶ ማን ሊከፍት ነው ብዬ እስቅብህ ነበር። አንተም አብረኸኝ ትስቅና ሥራህን ትቀጥላለህ።

መልሱን ያገኘሁት እናትህ ቤት ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ ሄደን፣ ከዚያ በእግራችን ወንዙን ተሻግረን ለአባትህ ሙት ዓመት የሄድን ጊዜ ትዝ ይልህ ይሆናል። የዳንግላ ልጅ በመሆኔ አገውኛው ገና እግርና ራስ አልያዘልኝም ነበር፤ ሰው ሲስቅ አብሬ እየሳቅኩ ነው የዋልኩት። እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ሲቀል እናትህ የአባትህን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱ፤ ያን በፈረስ በዓል ቀን በተሸለመው ፈረስ ላይ ተቀምጠው የተነሱትን። ጭናቸው ላይ ደፍተው ጀርባውን ዳበሱ፣ አውራ ጣታቸው ጆሮዋን አገኘች፣ አዞሯት። ካርቶኑን አንስተው ፎቶውን አወጡና ወረቀቱን ራሱን ሳሙት። ፈረሱ አንገት ላይ ያለው ቀለም ከመሳም ብዛት ነጥቷል። እኔ ግራ ገብቶኝ ሳይህ፣ መስታወት መሳም መስኮት መሳም ነው ይላሉ እማዬ ብለህ በጆሮዬ ተረጎምክልኝ። የዓይናቸው ሞራ ያኔ ገና ጀማሪ ነበር፤ በኋላ ማየቱ ሲጠፋ የተረፋቸው መዳበሱና መሳሙ ነው። ስለ ጆሮዋ ከዚያ ወዲያ ስቄብህ አላውቅም።

አንተ ግን የሰዉን ሁሉ ፊት በመስታወት ስታለብስ ኖረህ የራስህን ትሸሽ ነበር። ከመታወቂያህ ሌላ ፎቶ ቤት ገብተህ የተነሳኸው አንድ ፎቶ ነው፣ እሱንም በተጋባን ዓመት እኔ ጎትቼህ። እዚሁ ቆሰበር ፎቶ ቤት አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እኔ ከጎንህ ቆሜ፣ እጄን ትከሻህ ላይ አድርጌ፣ ከኋላችን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በል ሲልህ ጭራሽ ኮስተር አልክ። በኋላ ስናየው አንተ የተቀየምክ መስለሃል፣ እኔ ሳቄን አፍኜ ጉንጬ ተነፍቷል። ፎቶውን ፍሬም አላገባኸውም፤ የራስህ ሥራ ሁልጊዜ ለነገ ይደር ነበር። ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖረ።

ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ባለቤቱ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። በስልኬ ያነሳሁህ ጥቂት ነበሩ፤ ስልኩ አንተ ሆስፒታል ተኝተህ እያለ በግርግሩ ጠፋ። መታወቂያህ ላይ ያለችው ደግሞ ማህተሙ ግማሽ ፊትህን በልቶባታል። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ አንተ እንዳይከፋኝ ብለህ አንስተኸው አታውቅም፣ እኔም እንዳይከፋህ ብዬ። ዛሬ ላንሳው። ዓይንህን ወይም ያን ዘመም ያለ የፊት ጥርስህን የወረሰ ልጅ ቢኖር እሱን እያየሁ አረጅ ነበር። የለም። ስለዚህ ፊትህ በዚህ ምድር ላይ የቀረው በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ነው። የማወራህ ነገር ሁሉ ስለ እሷ ነው፤ ታገሰኝ።

የቀብርህ ሰሞን እኔ የሰው እንጂ የራሴ አልነበርኩም። አስቀመጡኝ፣ አነሱኝ፣ አበሉኝ። ወንድምህ ሙሉቀን መጥቶ ለአርባው የሚሆን ፎቶ እኔ ላሠራ ሲለኝ ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። ከአንተ ወዲያ ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ስላልነበረ እሱ ወደሚኖርበት ዳንግላ ወሰደው። ታናሽ ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ባጃጁን እንኳ ማንም እንዳይነቀንቀው በሰንሰለት እንጨት ላይ አስሮ ነው የሚያድረው። ከፍሬም ሠራተኛው ራስ ላይ ቆሞ ነው ያሠራው። እንዳይነቃነቅ፣ እንዳይከፈት፣ ወንድሜ ነው እያለ ሚስማር ሲያስጨምር፣ በሚስማሩም ላይ በማስቲሽ ሲያስለጥፍ እንደዋለ ራሱ በኩራት ነገረኝ። ስንጥር የለ፣ ጆሮ የለ። ለወንድሙ ያለውን ፍቅር በሚስማር ነው የለካው፣ ሌላ መለኪያ አልነበረውም።

ፎቶው ላይ እኔ አልነበርኩም። በሕይወት ያለ ሰው ከሟች ጋር ሆኖ ለአርባ አይወጣም፣ ሟርት ነው ተብሎ አንተን ብቻህን አድርጎህ መጣ። እኔን ምን እንዳደረጉኝ አልጠየቅኩም፤ ቆርጠውኛል ብዬ ደመደምኩ። ከእኔ የቀረው ትከሻህ ላይ ያሉት ጣቶቼ ናቸው። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ፎቶህን እያየ ሲያለቅስ የማን ጣት እንደሆነ ልብ ያለው ያለ አይመስለኝም።

የአርባህ ዕለት እናትህ ቤት ነበርን። ፍትሐቱ አልቆ ሰው በልቶ ከተነሳ በኋላ እናትህ ፍሬሙን አምጡልኝ አሉ። ጭናቸው ላይ ደፉት። ጣታቸው በላይኛው ጠርዝ ሄደች፣ በጎኑ ወረደች፣ በግርጌ ዞረች። የምታገኘው የሚስማር ራስ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ያመለጠቻቸው መስሏቸው ነው፣ ቀስ እያሉ፣ ማስቲሹን በጥፍራቸው እየጫሩ። በመጨረሻ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፍሬሙን ገልብጠው መስታወቱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። ሙሉቀን ውጭ እንግዳ ይሸኝ ነበር፣ አላየም። እኔ አየሁ።

ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰቀሉህ፣ ከአባትህ ፈረስ አጠገብ። የእናትህን ቤት ግድግዳ ታውቀዋለህ፤ ጭቃው ክረምት ከገባ ከውስጥም ያልባል። እኔም በበጋው ሁለት ሦስቴ ሄጄ አየሁህ፣ ደህና ነበርክ። ዘንድሮ በሰኔ፣ ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ለዝግጅቱ ብዬ ስሄድ ግን ፍሬሙ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከሸሚዝህ ቁልፍ ጀምሮ አንድ ጥቁረት ወደ ላይ ወጥቷል። አገጭህን ነክቶታል። በትከሻህ በኩል ደግሞ የሚስማሩ ዝገት ሰርጎ ቡናማ ሆኗል። ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ በየቦታው እንደ ዘይት ያበራል። እናትህ አያዩም። በየቀኑ ጠዋት በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ይጠርጉታል፣ የልጃቸው ፊት ንጹሕ እንዲሆን፤ ጥቁረቱ ግን ከውስጥ ነው።

ከተዉት እርጥበቱ አፍህን አልፎ ዓይንህ ላይ መድረሱ አይቀርም። ከከፈቱት ደግሞ ፊትህ መስታወቱ ላይ ተላጦ ሊቀር ይችላል። ሌላ ቅጂ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርክ እየመጣ እየጠፋ ቆይቶ ሙሉቀንን በስልክ አገኘሁትና ነገርኩት። ተቆጣ። ተይው፣ ከነካሽው ይቀደዳል፣ በጋ ሲመጣ ይደርቃል አለኝ። ቀጥሎም ለወንድሜ ያሠራሁትን ልታፈርሺ ነው ሲል ድምፁ ተሰበረ። አልፈረድኩበትም። የፈራው እኔ የፈራሁትን ነው።

ከእናትህ መደበቅ አልቻልኩም። ያለችኝን አገውኛ ሰብስቤ፣ ያቃተኝን በአማርኛ ሞልቼ፣ ጥቁረቱን ነገርኳቸው። ብከፍተው ሊቀደድ እንደሚችልም ነገርኳቸው። ከዚያ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄደው ራሳቸው አወረዱልኝና «ልጄ ታፍኗል፤ ክፈቺለት» አሉኝ። በነጠላ ጠቅልዬ፣ ከዝናብ በደረቴ ከልዬ እስከ ቆሰበር ይዤህ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሕፃን የያዝኩ መስሏት ቦታ አሰፋችልኝ።

በማግስቱ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ጠረጴዛህ ላይ አስተኛሁህ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጉጠትህን አንስቼ ገና የመጀመሪያውን ሚስማር ስይዝ በሩ ተንኳኳ። ሙሉቀን ነው፣ ከዳንግላ በጠዋት ተነስቶ መጥቷል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ሊያስቆመኝ የመጣ መስሎኝ ጉጠቱን አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ግን ጃኬቱን አወለቀ፣ እጁን ዘረጋና ስጪኝ አለኝ። ሚስማሩን ሁሉ የነቀለው እሱ ነው ውቤ። የዛገው ራሱ እየተቆረጠ ሲያስቸግረው እንኳ አልተቆጣም፤ አንድ ሚስማር በወጣ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ያስቀምጠዋል። እኔ ማስቲሹን በምላጭ ላጥኩት።

ካርቶኑ ሲነሳ ከሥሩ ያገኘሁት ራሴን ነው። ያ የዳንግላው ሠራተኛ አልቆረጠኝም፤ አጥፎኛል። ከጀርባህ ታጥፌ፣ ጉንጬን እንደነፋሁ፣ ፊቴን ወደ ካርቶኑ አዙሬ ዓመት ሙሉ በጨለማ ቆሜያለሁ። ሙሉቀን አላወቀም ነበር፤ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሳቅኩ። ከአንተ ወዲያ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን የለም። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝና ሙሉቀን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ።

ጥጉን በጥፍሬ ላነሳ ስሞክር ወረቀቱ ትንሽ ጮኸ። ለቀቅኩት። ያኔ ያች የጥሊሊ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ የሠርግ ፎቶዋ መስታወት ላይ ተጣብቆባት እያለቀሰች የመጣችው። አንተ ከነመስታወቱ ሳፋ ውስጥ አስተኝተህ ውኃ አለበስከውና ምሳህን ልትበላ ወደ ቤት መጣህ። እኔ ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ስጨነቅ አንተ ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ ጠየቅከኝ። ስትመለስ ፎቶው ራሱ ተነስቶ ነበር። እኔም ያንኑ ሳፋ ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ። ንጹሕ ውኃ ሞላሁ፣ ከነመስታወትህ አስተኛሁህ። ውኃ ውስጥ ስትገባ ፊትህ ጠራ፤ ከታመምክ ወዲህ እንደዚያ ጠርተህ አላየሁህም። እኔ እንደ አንተ ምሳ ልበላ አልቻልኩም። ሁለታችን ሳፋውን እያየን ቁጭ አልን። ሙሉቀን አንዴ ብቻ ተናገረ፤ ወንድሜ ነው ብዬ ነው አለ። አውቃለሁ አልኩት።

ጊዜው ሲደርስ ከግንባርህ ጀመርኩ። ወረቀቱ ከመስታወቱ እየለቀቀ መጣ፤ ዓይንህ ወጣ፣ አፍንጫህ፣ ያ የተቀየመ አፍህ፣ አገጭህ ከነጥቁረቱ። ትከሻህ ጋ ስደርስ ያዘ። ዝገቱ የገባበት ነው። ውኃ ጨመርኩ፣ ጠበቅኩ፣ እንደገና ሞከርኩ፤ አልሆነም። ብተወው ፊትህም አብሮ ሊረጥብ ሊበላሽ ነው። ስለዚህ ሳብኩት። ፊትህ ሙሉውን እጄ ላይ ቀረ። ትከሻህ መስታወቱ ላይ ቀረ፣ ጣቶቼም አብረው።

ፎቶውን በሁለት ንጹሕ ነጠላ መካከል አድርቄ፣ ያንኑ ፍሬም ጠርጌ፣ ለሁለታችን ስለማይበቃ እኔን መልሼ አጥፌ፣ አዲስ መስታወት ቆርጬ አገባሁለት። መቁረጫህ አልታዘዘኝ ብሎ ሁለት መስታወት ፈጅቻለሁ። የቀርከሃ ስንጥር ደረደርኩ፤ የአንተን ያህል ቀጭን አልሆነልኝም። በሰርዲን ጣሳህ ውስጥ ቆርጠህ ያስቀመጥካቸው ጆሮዎች ነበሩ። ከነሱ ሁለቱን አወጣሁ፣ ጫፋቸው በሞረድህ የለሰለሰ ነው። ብሎናቸውን አሰርኩና እንደ አንተ መልሼ ትንሽ አላላሁት።

የሙት ዓመትህ ዕለት ሰው ሲቀል ፍሬሙን እናትህ ጭን ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጆሮ እንዳለው አልነገርኳቸውም። ደፉት። ጣታቸው ስትሄድ በዓይኔ ተከተልኳት። አውራ ጣታቸው ጆሮዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳያዞሯት ደጋግመው ዳበሷት፣ የማን እጅ እንደቆረጣት አውቀዋል። ከዚያ አዞሯት።

ፎቶውን አውጥተው ፊትህን ሳሙት። ግንባርህን፣ ዓይንህን፣ ጥቁረት ያለበትንም ሳይለዩት። አንተ ከተቀበርክ ወዲህ እናትህ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሲረጋጉ ጣታቸው ትከሻህ ላይ ያለውን ሻካራ ቦታ አገኘችና ይሄ ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀጥሎ እጥፋቱን አገኙት። ይሄስ አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። አክስትህ ከጎናቸው ነበሩና ደንግጠው፣ ተዪ፣ ደህና ሰው ከሟች ጋር አይሆንም፣ ሟርት ነው አሉ። እናትህ ግን ዘረጉኝ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጥፋቱን በመዳፋቸው ደጋግመው አስተካከሉት። ከዚያ በአንተ በኩል ሳሙ፣ በእኔም በኩል ሳሙ። አፋቸውን ሳያነሱ በአገውኛ የተናገሩትን ማንም ሳይተረጉምልኝ ሰማሁት፤ አንቺንም የሚይዝ ሰፋ ያለ ሥሪለት ነው ያሉኝ።

እንግዲህ ሰፊ ፍሬም ስሠራ ነው ክረምቱን የከረምኩት። ከሱቁ ጥግ አስደግፈህ ከተውከው ጣውላ ቆረጥኩ። ማዕዘኑ አልገጠመልኝም፣ በአንዱ በኩል ጥፍር ያስገባል፤ ብታየው በሆድህ እየሳቅክ ጎበዝ ትለኝ ነበር። ዛሬ ጨርሼ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንተ እንደተቀየምክ፣ እኔ ሳቄን እንዳፈንኩ ጎን ለጎን ሆነናል። በመካከላችን የእጥፋቱ መስመር አለ። እጄ ከጎኔ ተነስቶ ወደ አንተ ይሄዳል፣ ትከሻህ ሊደርስ ሲል ግን ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ምን እንደያዝኩ አይታይም። አሮጌውን መስታወት አልጣልኩትም። ጣቶቼና ትከሻህ ያሉበትን በሱቁ መስኮት አጠገብ አቁሜዋለሁ። የሚገባው ሁሉ የቆሸሸ መስታወት ለምን አትወለውዪም ይለኛል።

ዝናቡ ረገብ ሲል፣ ለእንቁጣጣሽ ሙሉቀን መጥቶ አብረን ለእናትህ እናደርስላቸዋለን። እሳቸው እያሉ ይከፍቱሃል። እሳቸው ሲያልፉ እኔ በየሐምሌው አወርድሃለሁ፤ ጆሮዋን አዞራለሁ፣ ከመስታወቱ አውጥቼ እስምሃለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። እጄ እስከታዘዘችኝ ድረስ ይህን አላስታጉልም። ከእኔ በኋላ የሚያወርድህ እንደሌለ አውቃለሁ ውቤ፣ ራሴን አላታልልም። ግድግዳ ላይ የቀረን ሁለት የማንታወቅ ሰዎች እንሆናለን።

ብሎኗን ግን አላጠበቅኳትም።

ያንተው እናኑ